ውሾቹን የሚበድል አርቢ በሕግ ይጠየቃል? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋብሪካና መጋዘን ሲበዛ ጠባቂ ውሻ ፈላጊውም በዛ። ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር፣ ወይም «የፈረንጅ ዘር አለበት» የተባለ ክልስ ሁሉ ገዢ አያጣም። ገዢ ካለ ደግሞ አርቢ አለ። አንዳንዱ አርቢ ሥራውን አክብሮ ይሠራል። አንዳንዱ ግን ሦስት አራት ሴት ውሻ ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት አስሮ፣ በላይ በላዩ እያስወለደ፣ ቡችላውን በቴሌግራም ይቸበችባል። ጎረቤት ጩኸቱን ይሰማል፣ ሽታውም ይደርሰዋል። ምን ማድረግ እንደሚችል ግን ግራ ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲ እስከ መሐል ሜዳ ሰው የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ልትሄዱ ከሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ለመሆኑ ስለ ውሻ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?

ይከሰሳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶታል። ደንብ መተላለፍ ከወንጀሎች ሁሉ ቀለል ያለው ነው። ቅጣቱም እንደዚያው ነው። እስር ቢፈረድ እንኳ በመርህ ደረጃ ከ3 ወር አያልፍም። የገንዘብ መቀጮው ደግሞ አርቢው አንድ ቡችላ ሸጦ ከሚያገኘው ያንሳል።

ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። «ጭካኔ» የሚለውን አንድ ክስ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ስለሚመለስ ነው። ውሾቹን የሚበድል አርቢ አብዛኛውን ጊዜ ሌላም ነገር ያጠፋል። የታመመ ቡችላ «ጤነኛ ነው» ብሎ ይሸጣል። ያልተከተበውን «ተከትቧል» ይላል። ያለ ንግድ ፈቃድ ይነግዳል። የእብድ ውሻ በሽታን መከላከል ለእሱ የማይመለከተው ነገር ነው። ክሱ ክብደት የሚያገኘው እነዚህ ሲደመሩ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ «ይህ ሰውዬ ሌላስ ምን ጥሷል?» እያላችሁ አንብቡ።

ሰውየው ራሱም የለውም። ውሻው ከሳ ብዬ እንዴት እከሰዋለሁ?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያፍረውም እዚህ ላይ ነው። በድርቅ ዓመት ከብቱም ሰውም ይከሳል። አንድ የቤት ውሻ ይዞ የተረፈውን እንጀራ የሚሰጥ ገበሬ ጎድን አጥንቱ የሚታይ ውሻ ስላለው ጨካኝ አይባልም።

አርቢ ግን ይለያል። እሱ ከውሾቹ ገንዘብ ያገኛል። በሺህ የሚቆጠር ብር በቡችላ እየተቀበለ ለእናቲቱ ውሃ የማያስቀምጥ ሰው ድሃ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ውሻው ከስቷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሰውየው ማድረግ እየቻለ ምን አላደረገም?» የሚለው ነው።

በዓለም ላይ የእንስሳት አያያዝ የሚመዘንበት መለኪያ አለ። መነሻው በ1965 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ስለ እርባታ እንስሳት የቀረበ ሪፖርት ሲሆን በ1979 እ.ኤ.አ. «አምስቱ ነፃነቶች» ተብሎ ተደራጀ። እንስሳው ከረሃብና ከጥም፣ ካልተመቸ ማደሪያ፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ ይሁን፤ እንደ ተፈጥሮው የመንቀሳቀስ ዕድልም ይኑረው ይላል። የእኛ ፍርድ ቤት በዚህ አይፈርድም። እናንተ ግን ያያችሁትን በሥርዓት ለመጻፍ ይረዳችኋል።

በአጥር ስታልፉ የምታዩት ምንድን ነው? የውሃ ዕቃ አለ? ውስጡ ውሃ ነው ወይስ አረንጓዴ ዝቃጭ? የአንገቱ ገመድ ሥጋው ውስጥ ገብቷል? ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው እከክ ሆኗል? ጥፍሩ ተጠምዞ አድጓል? በራሱ ኩስ ላይ ነው የሚተኛው? በተለይ እናቲቱን ተመልከቱ። ሴት ውሻ በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ታጠባለች። በተገኘው አጋጣሚ ሁሉ የምትጠቃ ከሆነ ከዓመቱ ስምንቱን ወር ያህል ወይ አርግዛለች ወይ እያጠባች ነው። ጡቷ ከተንጠለጠለ፣ ዳሌዋ ከሾለ፣ አጠገቧ ደግሞ ሌላ ወንድ ውሻ ከታሰረ ነገሩ ገብቷችኋል።

ያም ሆኖ ፖሊስ ጋ ከመሮጥ በፊት አንድ ጊዜ ማነጋገር አይከፋም። «ጋሼ፣ ውሾቹ ጠዋትም ማታም ይጮኻሉ፤ ውሃ አጥሯቸው እንዳይሆን» ማለት ክስ አይደለም። አንዳንዱ ደንግጦ ያስተካክላል። የሚሳደብም አለ፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ተነግሮት እንቢ እንዳለ ምስክር አላችሁ።

ውሻ ውጭ ማደር ለምዶት የለ? የደብረ ብርሃን ብርድ እሱንም ይጎዳል?

ያደገ ያበሻ ውሻ ይችለዋል። ቡችላ አይችልም። ቡችላ ተወልዶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ዓይኑም የሚከፈተው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ሲሚንቶ ላይ የተጣለ ቡችላ እስኪነጋ ላይቆይ ይችላል። የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ወጪ አይደለም። ነፋስ የማያስገባ ጥግ፣ ደረቅ ጭድ፣ ያረጀ ባና ይበቃል። ይህን እንኳ ያላደረገ አርቢ «አቅም አጣሁ» ሲል አትመኑት።

ወደ ቆላው ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ገዳዩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ጥላና ያለ ውሃ መዘጋት ነው።

የት ነው የማመለክተው?

እንደ ጉዳዩ ይለያያል። አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ስላለ ሁሉንም እወቁ።

ለጭካኔውና ለማታለሉ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ማንኛውም ሰው ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ሲያስብ የማመልከት መብት ይሰጠዋል። በዓይኑ ማየቱ እንኳ ግዴታ አይደለም፤ የውሻው ባለቤት መሆን ደግሞ ጭራሽ አይጠበቅበትም። «አንተ ምን አገባህ?» ብሎ የሚመልሳችሁ ካለ መልሱ ይህ ነው። ቃላችሁ ተጽፎ ይነበብላችኋል፣ ከዚያ ትፈርማላችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ። «ውሻው ሞቷል» ያላችሁት «ውሻው ታሟል» ተብሎ ቢጻፍ በኋላ ጣጣ ነው።

ለበሽታው የወረዳው ወይም የከተማው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤትና የእንስሳት ክሊኒኩ አሉ። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምሄደው እዚህ ነው። የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267/1994 ከወጣ ጀምሮ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም በሽታን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ፖሊስ «ውሻ ነው እኮ» የሚለውን ነገር የእንስሳት ሐኪም እንዲያ አይለውም። ሐኪሙ አይቶ የጻፈው ወረቀት ደግሞ ፖሊሱ ፊት ከአሥር ጎረቤት ጩኸት ይበልጣል። አዋጅና መመሪያ ስለሚሻሻል አሁን በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እዚያው ጠይቁ።

ለንግዱ የንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። አንድ ጊዜ የወለደች ውሻ ያለው ሰው ነጋዴ አይባልም። በየጊዜው ማስታወቂያ እያወጣ ቡችላ የሚሸጥ ግን «እንዲያው ለፍቅር ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

አገሩ ባልተረጋጋበት ጊዜና ቦታ ፖሊስም ጽሕፈት ቤቱም ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብቶ፣ ገቢ የተደረገበትን ቀንና ቁጥር ይዞ መጠበቅ ነው ያለው አማራጭ።

ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው ሕጉ ስለሌለ ሳይሆን ማስረጃው «ሁልጊዜ ይጮኻሉ» ከሚል ወሬ ስለማያልፍ ነው።

የመጀመሪያው ማስታወሻ ነው። ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያያችሁት፣ አብሯችሁ የነበረ ሰው። «ጥቅምት 12 ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቡኒዋ ሴት ውሻ ታስራ፣ የውሃ ዕቃው ተገልብጦ» ብሎ መጻፍ «በጣም ይበድላል» ብሎ ከመጻፍ እጅግ ይሻላል። ስድብም አስተያየትም አትጨምሩበት።

ቀጥሎ ምስል። ከመንገድ ወይም ከራሳችሁ ግቢ ሆናችሁ የሚታየውን አንሱ። አንድ አሳዛኝ ፎቶ ዳኛን ላያሳምን ይችላል፤ አርቢው «ያን ቀን ታሞ ነበር፣ አሳክሜዋለሁ» ይላችኋል። በተለያየ ሳምንት የተነሱ፣ ያው ውሻ ያው ቦታ ላይ እየከሳ መሄዱን የሚያሳዩ ፎቶዎች ግን ለማስተባበል ይከብዳሉ። ፎቶውን በቴሌግራም ተቀባብላችሁ ዋናውን አታጥፉ። ቀኑ ያለው ዋናው ፋይል ላይ ነው።

ሦስተኛው የሐኪም ወረቀት ነው። ሐኪሙ ሲጽፍ «ደካማ ነው» ብቻ እንዳይል ለምኑት። የሰውነት ሁኔታ መለኪያ የሚባል ከ1 እስከ 9 የሚሄድ ነጥብ አለ። 1 አጥንቱ የቀረ ነው፣ 9 ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው፣ ጤነኛው 4 ወይም 5 ላይ ነው። «ነጥቡ 2 ነው፣ የድርቀት ምልክት አለው፣ ቁስሉ ሳምንታት ያስቆጠረ ነው» የሚል ወረቀት ያለ ብዙ ክርክር ይነበባል። ቁስሉ ስንት ጊዜ እንደቆየ መጻፉ ወሳኝ ነው። «ትናንት ነው የተጎዳው» የሚለውን ማምለጫ ይዘጋል።

ውሻው ከሞተስ? ሬሳው ራሱ ማስረጃ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆዩትና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ አድርሱት። በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙት፤ ለምርመራ ያስቸግራል። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በሉ። ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ ሲንጠባጠብ፣ መዋጥ አቅቶት ወይም ሲንገዳገድ ከነበረ እብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በባዶ እጅ እንዳትነኩት። ሐኪም ጥሩ።

የገንዘብ ልውውጡንም አትርሱ። የቴሌብር መልእክት፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የማስታወቂያው ስክሪንሾት፣ «ሙሉ ክትባት ወስዷል» ያለበት የድምፅ መልእክት ሁሉ ይጠቅማል።

ውሾቹ ሊሞቱ ነው። አጥር ዘልዬ ገብቼ ላውጣቸው?

አይ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን አይሆንም። የሰው መኖሪያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰው ግቢ መግባት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ያስከስሳል። ውሾቹን ይዛችሁ ከወጣችሁ የስርቆት ነገርም ይመጣል፤ ውሻ በሕጋችን ንብረት ነውና። አርቢው ከሳሽ፣ እናንተ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ፖሊስ የብርበራ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት አውጥቶ መግባት ይችላል። የእናንተ ሥራ ለዚያ የሚበቃ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

በአጥር ሥር ውሃ ማሳለፍ ግን ማንም አይከሳችሁም ብዬ አስባለሁ።

ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ሕዝብ ቢፈርድበትስ?

ይህን የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ተዉት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ያስቀጣል። «እውነት ነው የተናገርኩት» ማለት ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም። ከሕጉ ሌላ የምፈራው ግን አርቢው ቪዲዮውን ባየ ማግሥት ውሾቹን በሌሊት ጭኖ ዘመድ ቤት እንዳያሸሽ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ባዶ ጓሮ ያገኛል። በዝምታ ማስረጃ ሰብስባችሁ ማመልከት ለውሾቹም ይሻላል። ስምና ቤት ሳይጠቀስ ስለ ችግሩ ማውራት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይልመድብን።

ቡችላ ገዛሁ፣ በአምስተኛው ቀን ሞተብኝ። ገንዘቤን አስመልሳለሁ?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ ቶሎ ከተንቀሳቀሳችሁ። ከሁሉም ጥያቄ ይህ በጣም ይደጋገማል።

አስታወከ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፣ አልበላም አለ፣ ሞተ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፓርቮ ነው። የፓርቮ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጅበታል። ቁጥሩን ልብ በሉ። ቡችላው ከመጣ በማግሥቱ ከታመመ በሽታውን ያመጣው ከአርቢው ቤት ነው ለማለት ያስደፍራል። በሦስተኛው ሳምንት ከታመመ ግን አርቢው «አንተ ቤት ነው የያዘው» ቢል ክርክሩ ይከብዳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን እንዲጽፍላችሁ የምለው። ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ያው አርቢ ከዚያው ጓሮ ለሌላ ሰው የሸጠው ቡችላም ሞቶ ከሆነ ያ ሰው ምስክራችሁ ነው። ፈልጉት።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና አለበት። ገዢም ግዴታ አለበት። እቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። የዘገየ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በገዛችሁ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሐኪም አሳዩ። ከታመመ ለሻጩ በጽሑፍ፣ በቴሌግራምም ቢሆን፣ አሳውቁ። «ወንድሜ፣ ትናንት የሸጥክልኝ ቡችላ ታሟል፣ ሐኪም ፓርቮ ነው ብሏል» ይበቃል። በስልክ ብቻ አትጩኹ፤ ጩኸት ማስረጃ አይሆንም።

ሻጩ መታመሙን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ነገሩ ከውል ጉዳይ ይወጣል። አታሎ የሰው ገንዘብ መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ሥር ይወድቃል። ይህ ደንብ መተላለፍ አይደለም፤ ቁም ነገር ያለው ወንጀል ነው። የጭካኔው ክስ ያላስደነገጠው አርቢ በዚህ ይደነግጣል።

የክትባት ካርድ ሰጥቶኛል። ሐሰተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የዕድሜ ስሌት ሥሩ። የእብድ ውሻ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ነው። የ6 ሳምንት ቡችላ ካርድ ላይ የእብድ ውሻ ክትባት ከተጻፈ ጠይቁ። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። ስለዚህ «በ7 ሳምንቱ ሙሉ ክትባት ጨርሷል» የሚባል ነገር የለም። ካርዱ ላይ የመድኃኒቱ መለያ ቁጥር የሚለጠፍበት ቦታ፣ የሐኪሙ ስምና ማኅተም አለ? ማኅተሙ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ደውሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ ለይቶ የሚሸጥ አርቢ ካርዱ እውነተኛ ቢሆንም ጥሩ አርቢ አይደለም።

ውሻው ሰው ነከሰ። አርቢው ይጠየቃል?

መጀመሪያ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ፀበልም የባህል መድኃኒትም ካላችሁ ከዚያ በኋላ ይሁን። ምልክቱ ከታየ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው አይምርም።

ኃላፊነቱን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ግልጽ ነው። እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ቢሆንም እንኳ። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» መከላከያ አይሆንም። አርቢው ውሻውን ለእናንተ ከሸጠ በኋላ ግን ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ስታስቡት ይህም ከማን እንደምትገዙ የመጠንቀቂያ አንድ ምክንያት ነው።

መንዝ ላይ ቁጭ ብሎ የውሻ እርባታ ማን ያሳስበዋል?

ጓሳን ያሳስበዋል። የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ትልቁ ጠላታቸው ጥይት አይደለም፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው። ባሌ ላይ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የተነሳው የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋርም ይዳቀላል። ሳያስከትብ የሚያረባ፣ ያልተሸጠለትን ቡችላ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚጥል ሰው ጉዳቱ ከጓሮው ያልፋል። መሐል ሜዳና አካባቢው ላይ ስታመለክቱ ይህን ጥቀሱ። የጥብቅ ሥፍራው ሰዎች ከማንም በላይ ይሰሟችኋል።

ሽማግሌ ቢገባበት አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። ጎረቤት ናችሁ፣ ሰርግና ለቅሶ ያገናኛችኋል፣ በአንድ ዕድር ትገባላችሁ። በገንዘብ ጉዳይ ሽምግልና ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ግን ሽምግልናው «ይቅር ተባባሉ» ብሎ እንዳያልቅ። ውሻዋ በሽምግልናው ላይ አልተቀመጠችምና ይቅርታዋን የሚጠይቃት የለም። በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ውሻ እንደሚይዝ፣ ሴቷ ከወለደች በኋላ ስንት ጊዜ እንደምታርፍ፣ ሐኪም በየስንት ወሩ እንደሚያይ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹም ሄደው ይዩ። የወንጀሉን ጉዳይ ግን ሽምግልና ብቻውን አይዘጋውም፤ እሱ የዐቃቤ ሕግ ነው።

በሌላ አገር እንዴት ነው የሚያደርጉት?

እንግሊዝ ውስጥ በ12 ወር ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚያስወልድና የሚሸጥ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከ8 ሳምንት በታች የሆነ ቡችላም መሸጥ አይችልም። ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ደላላ ቡችላ መሸጥ አይችልም። ከእርባታ ቤት ተጎሳቁላ በወጣች ሉሲ በተባለች ውሻ ስም የሚጠራ ሕግ ነው። ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። የጭካኔ ከፍተኛው ቅጣት ከ6 ወር ወደ 5 ዓመት እስር ያደገው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ብዙውን ክስ የሚመሠርቱት ግን ግዛቶቹ ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያም ራሱን የቻለ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ሕግ አላት።

ከእነዚህ ለእኛ የሚጠቅመን እናቲቱን የማየቱ ነገር ይመስለኛል። አዋጅ አያስፈልገውም። ገዢው «እናቷን አሳየኝ» ካለ ተጀመረ ማለት ነው። «እናቷ አዲስ አበባ ናት» ከተባላችሁ ተመለሱ።

ከተያዘ ውሾቹ የት ይሄዳሉ?

ይህን ከማመልከታችሁ በፊት አስቡበት። ፖሊስ ጣቢያ የውሻ ማደሪያ የለውም። በአንዳንድ ከተሞች ባለቤት ያጣ ውሻ በመርዝ የሚገደልበት ልማድ አለ። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ የሚረከብ ሰው ስምና ቦታ አብራችሁ አስገቡ። ሰፊ ግቢ ያለው ዘመድ፣ ጠባቂ ውሻ የሚፈልግ መጋዘን፣ በኃላፊነት የሚይዝ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ለምርመራው ያህል በአደራ እንዲያዙ ጠይቁ። አዲስ ሰው ጋ ሲሄዱ ለብቻቸው ይቆዩ፤ ፓርቮም እከክም ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ሴቶቹ ይመከኑ፤ አለዚያ ያው ታሪክ በሌላ ግቢ ይቀጥላል።

እኔ ራሴ አርቢ ነኝ። እንዳልከሰስ ምን ላድርግ?

ስለጠየቅክ እናመሰግናለን። ፈቃድህን አውጣ። ለእያንዳንዱ ውሻ ካርድ ይኑር፤ መቼ እንደወለደች፣ ስንት እንደወለደች፣ መቼ እንደተከተበች ጻፍ። ዓመት ያልሞላትን አታስጠቃ፤ የወለደችውን አሳርፋት። የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጣቸው፤ ቋጠሮ ያለበት ከሆነ የትሉ በሽታ በውሻው በኩል ወደ ልጆችህ ይመለሳል። ሲታመም ሐኪም ጥራና ወረቀቱን አስቀምጥ፤ ቢሞት እንኳ አሳክመኸው እንደነበር የሚመሰክርልህ እሱ ነው። ስትሸጥ የምታውቀውን ሁሉ ለገዢው ጽፈህ ስጥ፣ አስፈርመው፣ ቅጂውን ያዝ። በሩን ክፈትለትና እናቲቱን ያያት።